ድምፁ ከእንጨቱ አይደለም

የሙዚቃ መሣሪያ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «እንጨቱ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሻጩ «ዋንዛ ነው» ካለ የገዢው ፊት ይፈታል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ከሌላ እንጨት ነው ከተባለ ግን መሣሪያው ገና ሳይነካ፣ ክሩም ሳይቃኝ ተፈርዶበታል። ክራርም ይሁን በገና፣ ማሲንቆም ይሁን ዋሽንት፣ ድምፁ የሚመጣው ከተሠራበት ዕፅ ነው የሚለው እምነት ሥር ከመስደዱ የተነሳ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው እምብዛም የለም። እምነቱ የእኛ ብቻም አይደለም። በአውሮፓ ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚሠሩትና የሚጫወቱት ሰዎች ጥቁሩ እንጨት ጠንካራና ብሩህ፣ ቀዩ እንጨት ለስላሳና ሞቅ ያለ፣ ቢጫው ደግሞ ቀለል ያለ ድምፅ ይሰጣል ሲሉ ኖረዋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ተቃራኒ ነው። የመሣሪያ ድምፅ በዛፉ ስም አይወሰንም፤ የሚወሰነው በሚርገበገበው አካል፣ በውስጡ ቅርፅና ልክ፣ እንዲሁም በሠሪው እጅ ጥራት ነው። ለዛፉ የሰጠነው ምስጋና ለሠሪው የሚገባ ነበር።

ጉዳዩን ከጌዴኦ ምድር ላይ ቆሞ መመርመር ይጠቅማል። ከዲላ ተነስቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን የሚያየው ደን የሚመስል እርሻ ነው። ዋንዛውና ብርብራው ከላይ ጥላ ይሆናሉ፣ እንሰቱ ከሥራቸው ይንሰራፋል፣ ቡናው ደግሞ በእንሰቱ መካከል ይበቅላል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከትክል ድንጋዮቹና ከተቀደሱት ደኖቹ ጋር ዕውቅና የሰጠው ለዚህ ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን አስማምቶ ለሚያኖር ጥበብ ነው። ዋንዛ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሥራው ብዙ ነው። ቅጠሉን እያራገፈ አፈሩን ያዳብራል፣ አበባው ንብ ይቀልባል፣ ፍሬው ይበላል። ግንዱ ደግሞ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለጠረጴዛና ለአልጋ ስለሚፈለግ መጥረቢያ የሚያይበት ዛፍ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ በስም ከጠቀሳቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ፣ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር፣ ዋንዛ ነበር። ዋንዛን የሚጨርሰው ክራር ሠሪ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለአንድ ቁም ሣጥን የሚሄደው ሳንቃ ለብዙ ክራር ይበቃል። ነገር ግን ይህን ያህል አገልግሎት ስላለው ዛፍ «ያለ እሱ ሙዚቃ የለም» ሲባል አባባሉ እውነት መሆን አለመሆኑን መመርመር ግዴታ ይሆናል።

ምርመራውን ከኦቦ እጀምራለሁ፤ የእንጨት እምነት ከሁሉ የበረታው በእሱ ዙሪያ ነውና። ኦቦ ርዝመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ውስጡ ከላይ ጠቦ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ቱቦ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራው በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ከሚቆረጠው፣ በእኛም አገር ቆላ ውስጥ ከሚበቅለውና ዞቢ ከሚባለው ጥቁር እንጨት ነው። እንጨቱ ውኃ ውስጥ የሚሰጥም ከባድ ዕፅ ነው። ይህ ክብደት ብዙ ሰው «ድምፁም ከዚህ ጥንካሬ ይመጣል» ብሎ እንዲያስብ አድርጎታል። ሆኖም ተጫዋቹ ሲነፋ የሚርገበገበው ምን እንደሆነ እንይ። በመሣሪያው ጫፍ ላይ ከሸምበቆ የተፋቁ ሁለት ስስ ምላሶች ፊት ለፊት ታስረው ተቀምጠዋል። ትንፋሽ በመካከላቸው ሲያልፍ እየተገናኙና እየተለያዩ ይርገበገባሉ፤ እነሱም በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያርገበግቡታል። ወደ ጆሯችን የሚደርሰው ይህ የአየር ዓምድ ከተከፈቱት ቀዳዳዎችና ከታችኛው አፍ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ወፍራሙ የእንጨት ግድግዳ የሚያደርገው ነገር ቢኖር አየሩን በቅርፁ መያዝ ነው። ግድግዳው ራሱ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፤ ነገር ግን ከእሱ የሚወጣው ድምፅ አየሩ ከሚያወጣው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

የኦቦ ተጫዋቾች የዕለት ሥራ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በሙያው የገፋ ተጫዋች ሕይወቱን ሙሉ ምላስ ሲፍቅ ይኖራል። በደቡብ ፈረንሳይ ቫር ከተባለው አካባቢ የሚመጣውን ሸምበቆ ሰንጥቆ፣ አለስልሶ፣ አጥፎና በክር አስሮ፣ ጫፉን በስለታም ቢላ እጅግ በጥቂት በጥቂቱ ያሳሳዋል። ምላሱ ከሚገባው በላይ ከወፈረ ድምፁ ይታፈናል፤ ከሳሳ ደግሞ ይጮኻል፣ ቃናውም ይወርዳል። በዓይን የማይለይ ፍቅፋቂ ድምፁን ሲቀይረው ተጫዋቹ ወዲያው ይሰማዋል። ያው ሰው በዚያው ምላስ ከጥቁር እንጨት ወደ ቀይ እንጨት ኦቦ ቢሸጋገር የሚያገኘው ልዩነት፣ ካለ፣ ምላሱን ቢቀይር ከሚያገኘው እጅግ ያነሰ ነው። ድምፁ ከዛፍ ነው ከተባለ እንኳ ዛፉ ጥቁሩ እንጨት ሳይሆን በየወንዙ ዳር የምናየው የሸምበቆ ዘር ነው ማለት ነው።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ተፈትኗል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ኮልትማን እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት የውስጥ ልካቸው አንድ የሆነ ሦስት ፍሉቶች ሠራ፤ አንዱን ከብር፣ ሁለተኛውን ከመዳብ፣ ሦስተኛውን ኦቦ ከሚሠራበት ከጥቁሩ እንጨት። አድማጮች ሳያዩ እንዲሰሙ አደረገ። ተጫዋቾቹም በክብደታቸውና በሚሰጡት ስሜት እንዳይለዩዋቸው መሣሪያዎቹን በመያዣ ላይ አስሮ አስነፋቸው። አድማጮቹም ተጫዋቾቹም የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻሉም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ በቪየና የተደረገው ፈተና ደግሞ ከብር እስከ ወርቅና ፕላቲነም በሰባት ዓይነት ማዕድን የተሠሩ፣ ሞዴላቸው አንድ የሆነ ፍሉቶችን ለባለሙያዎች አቅርቦ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። ሳክስፎንንም ማየት ይቻላል። ከናስ የተሠራ ቢሆንም የሙዚቃ ሊቃውንት ከእንጨት መሣሪያዎች ጎራ የሚመድቡት ድምፁን የሚወልደው ምላሱና የቱቦው ቅርፅ እንጂ ናሱ ስላልሆነ ነው። ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1953 በቶሮንቶ ማሲ አዳራሽ ያቀረበውን ዝነኛ ኮንሰርት የተጫወተው በፕላስቲክ ሳክስፎን ነበር፤ ያንን ቅጂ ሰምቶ «ይህ የፕላስቲክ ድምፅ ነው» ብሎ ያጣጣለው የለም።

ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያነሳሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል። አንደኛው ሳይንሱ ራሱ አንድ ድምፅ አልነበረውም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ዴይተን ሚለር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1909 የኦርጋን ቱቦዎችን ፈትኖ የግድግዳው ማዕድን ድምፁን ይቀይራል ብሎ ጽፏል። ሆኖም የሚለር ቱቦዎች ግድግዳቸው ስስና ማዕዘን ያለው ነበር፤ እንዲህ ያለ ግድግዳ ከአየሩ ጋር አብሮ መወዛወዝ ይችላል። የኦቦ ግድግዳ ግን ወፍራምና ክብ ነው፤ ክብ ቱቦ ደግሞ የአየሩን ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚሸከም በቀላሉ አይነቃነቅም። ሁለተኛው ተቃውሞ የባለሙያ ጆሮን ይጠቅሳል፤ ዕድሜውን በኦቦ የፈጀ ሰው ልዩነት አለ እያለ እንዴት አይታመንም? የተጫዋቹን ቅንነት አልጠራጠርም። እሱ ግን የሚገናኘው ከድምፁ ጋር ብቻ አይደለም፤ የመሣሪያው ክብደት በአውራ ጣቱ ላይ አለ፣ ንዝረቱ በጣቶቹና በጥርሱ ያልፋል፣ ቀለሙ በዓይኑ ይገባል፣ የከፈለው ዋጋም በልቡ አለ። እነዚህ ሁሉ «ሰማሁ» በሚለው ውስጥ ይቀላቀላሉ። በተጨማሪም ሁለት ኦቦዎች ከአንድ ግንድ ተቆርጠው፣ በአንድ ሠሪ እጅ ተሠርተውም በድምፅ ይለያያሉ፤ የቱቦው ስፋትና የቀዳዳው ጠርዝ በጥቂቱ ስለሚለያይ ነው። አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ ኦቦ አነጻጽሮ ልዩነቱን ለእንጨቱ የሚሰጥ ሰው ሌሎቹን ምክንያቶች አላጣራም።

ይህን ስል እንጨት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እንጨት ሥራ አለው፤ ሥራው ግን የሚባለው አይደለም። ጥቁሩ እንጨት ጥቅጥቅና ቅባታም ስለሆነ ውስጡ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ሻካራና ቀዳዳማ ግድግዳ ግን የአየሩን ጉልበት ይበላል። ቀዳዳው ሲበሳ ጠርዙ አይሸራረፍም። ከትንፋሽ የሚመጣውን እርጥበትም ሌላው እንጨት ከሚችለው በላይ ይችላል፤ ያም ሆኖ አዲስ ኦቦ ላይኛው ክፍሉ የሚሰነጠቅበት ጊዜ ብዙ ነው። እነዚህ ሁሉ የእንጨቱ ጠባዮች ሠሪው የፈለገውን ልክ እንዲያወጣና ልኩ እንዲጸና የሚረዱ ናቸው። ስለዚህ ያንኑ ልክ በሌላ ነገር ማውጣት ከተቻለ ድምፁም ይገኛል። ቡፌ ክራምፖን የተባለው የፈረንሳይ ፋብሪካ የጥቁሩን እንጨት ዱቄት ከካርቦን ጭረትና ከማጣበቂያ ጋር ቀላቅሎ የማይሰነጠቅ ኦቦና ክላሪኔት ማምረቱ ለዚህ ማሳያ ነው። በባሮክ ዘመን የነበሩት ኦቦዎች ደግሞ በብዛት የተሠሩት ከዚህ ጥቁር እንጨት ሳይሆን ቦክስውድ ከሚባለው ቢጫ የአውሮፓ እንጨት ነበር። ድምፃቸው ከዛሬው የሚለየው ቱቧቸው፣ ቀዳዳቸውና ምላሳቸው የተለየ ስለነበር ነው።

ወደ አገራችን መሣሪያዎች ስንመለስ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። «ኦቦ ይነፋል፤ ክራርና በገና ግን ይመታሉ። በክር መሣሪያ ላይ እንጨቱ ራሱ ይርገበገባል» ይባላል። ለቫዮሊንና ለጊታር ይህ እውነት ነው፤ የፊታቸው ሳንቃ ራሱ ድምፅ ሰጪ ነው። በዚያም ቢሆን ስም ከድምፅ ሲበልጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዲያናፖሊስ ሃያ አንድ ቫዮሊን ተጫዋቾች ዓይናቸው በጨለመ መነጽር ተሸፍኖ አሮጌ የጣሊያን ቫዮሊኖችንና አዲሶችን ሲያነጻጽሩ ከሁሉ የተመረጠው አዲስ፣ ከሁሉ ያልተወደደው ደግሞ ከአሮጌዎቹ አንዱ የሆነው ስትራዲቫሪ ነበር። የእኛ መሣሪያዎች ግን የተለየ አሠራር አላቸው። የክራር፣ የማሲንቆና የበገና ፊት እንጨት ሳይሆን ቆዳ ነው። ክሩ ሲነካ ጉልበቱ በድልድዩ በኩል ወደ ተወጠረው ቆዳ ይገባል፤ አየሩን የሚገፋውም ቆዳው ነው። ገበቴው ጥልቀቱና ስፋቱ ይቆጠራል፤ በውስጡ የሚይዘው አየር ከቆዳው ጋር አብሮ ይሠራልና። ከየትኛው ዛፍ እንደተፈለፈለ ግን ከቆዳው ውፍረት፣ ከአወጣጠሩና ከክሩ ዓይነት በኋላ የሚመጣ ትንሽ ነገር ነው። ገበቴው የብረት ሳህን የሆነ ክራር በአገራችን የተለመደ ነው፤ ቆዳው በደንብ ከተወጠረ ክራርነቱን የሚጠራጠር የለም።

በገናን ጠጋ ብሎ ማየት ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። የበገና ልዩ ድምፅ፣ ያ ከደረት የሚወጣ የሚመስለው ጥልቅ እንዝርዝርታ፣ ብዙ ሰው ከእንጨቱ ክብደት የሚመጣ ይመስለዋል። ነገር ግን አሥሩ የአንጀት ክሮች በርኩማ በሚባለው ድልድይ ላይ ሲያልፉ ከእያንዳንዱ ሥር እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ክሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ይንዘረዘራል። በገና ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት እንዚራውን በጣቱ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ ቦታውን ይፈልግለታል። ጥቂት ከቦታው ከተንሸራተተ እንዝርዝርታው ይጠፋል፤ ክሩም ደረቅ የክር ድምፅ ብቻ ያሰማል። የበገና ነፍስ የምንለው ድምፅ ከጥፍር ባልበለጠ ቆዳ ላይ የቆመ ነው። ለበገና ክፍሎች በሃይማኖት የሚሰጠው ምሳሌያዊ ትርጉም በዚህ ክርክር አይነካም፤ የእምነት ነገር በእምነት ይከበራል። እኔ የምለው የድምፅን ምክንያት ስንጠየቅ ትክክለኛውን ምክንያት እንናገር ነው።

«አባቶቻችን ዋንዛን ሲመርጡ በከንቱ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። በከንቱ አይደለም። ዋንዛ በቀላሉ ይፈለፈላል፣ ሲደርቅ ብዙም አይጣመምም፣ ለመሸከም አይከብድም፣ ቀለሙ ያምራል፣ በየጓሮውም ይገኛል። ከእነዚህ በላይ ጥሩ ምክንያት አያስፈልግም፤ የአባቶች ጥበብ ይህ ነው። እኛ ግን የሥራ ምርጫቸውን የድምፅ ሕግ አድርገን ለወጥነው። ጥበባቸውን የሚያከብር ሰው ምርጫቸውን ከነምክንያቱ ይወርሳል፤ ያን ጊዜ ሁኔታው ሲለወጥ እነሱ እንዳደረጉት በአካባቢው ያለውን መርምሮ መምረጥ ይችላል። የዋሽንት ሠሪዎች ይህን በተግባር አድርገውታል። ዋሽንት ጥንት የሸምበቆና የቀርከሃ ነበር፤ ዛሬ ከብረትና ከፕላስቲክ ቱቦም ይሠራል። ተጫዋቹ በከረጢቱ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ብዙ ዋሽንቶች የሚይዘው የዋሽንቱን ድምፅ ከፍታ የሚወስነው ርዝመቱ ስለሆነ ነው። ከተለያየ ዛፍ የተሠሩ ዋሽንቶችን ለየቅኝቱ የሚይዝ ተጫዋች የለም። ትዝታም ባቲም የሚወጡት ቀዳዳዎቹ ከተበሱበት ቦታ ነው።

እምነቱ ተሳስቷል ከተባለ ጉዳቱ ምንድን ነው? ዋናው ጉዳት በሙያው ዕውቀት ላይ ነው። ድምፁ የተበላሸ መሣሪያ ሲወጣ «እንጨቱ ነው» ከተባለ ሠሪው ስህተቱን የሚፈልግበት ምክንያት ያጣል። ቀርከሃው አንጓው ሲበሳ ውስጡ ተሸራርፎ ቀርቶ ይሆናል፤ ቀዳዳው በጋለ ብረት ሲበሳ ከልኩ ሰፍቶ ይሆናል፤ ቆዳው አንድ ጎኑ ወፍሮ ይሆናል፤ እንጨቱም ሳይደርቅ ተቸኩሎበት ይሆናል። እነዚህ ሁሉ የሚለኩና የሚታረሙ ናቸው። የዛፍ ስም ግን አይታረምም። ልክ ካልተጻፈ ደግሞ ጥሩ ሠሪ ሲያልፍ ጥሩ መሣሪያውም አብሮ ያልፋል፤ ተማሪው የሚወርሰው «ዋንዛ ፈልግ» የሚል ምክር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ጉዳት በዋጋ ላይ ነው። ገዢ ለእንጨቱ ስም ሲከፍል ለእጁ ሙያ አይከፍልም፤ በደንብ ለክቶ የሠራውና በግምት የቦረቦረው ሰው እኩል ይከፈላቸዋል፣ ሁለቱም ዋንዛ ይዘዋልና። ሦስተኛው ጉዳት በጀማሪው ላይ ነው። የተወደደ እንጨት መግዛት ያልቻለ ወጣት እውነተኛ መሣሪያ ለእሱ እንዳልሆነ ይነገረዋል፤ ይህ ሐሰት ነው።

ጌዴኦ ይህን እምነት ለማረም የተመቸ ስፍራ ነው። በቡሌ ደጋ ቀርከሃ ይበቅላል፤ በጓሮው እርሻ ዘሩ የተለያየ ዛፍ ሞልቷል፤ ስለ ዛፍ የሚያውቅ ገበሬ በየቀዬው አለ። በዲላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የፊዚክስና የተፈጥሮ ሀብት መምህራን አሉ። ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የውስጥ ስፋታቸው፣ ርዝመታቸውና የቀዳዳቸው ቦታ አንድ የሆነ ዋሽንቶች ከቀርከሃ፣ ከተቦረቦረ ዋንዛና ከፕላስቲክ ቱቦ ተሠርተው ከመጋረጃ ኋላ ይነፉ። ገበቴያቸው በቅርፅ አንድ ሆኖ ከዋንዛ፣ ከብርብራና ከብረት የተሠሩ ክራሮችም አንድ ዓይነት ቆዳና ክር ተደርጎላቸው ይደርደሩ። አዋቂና ጀማሪ፣ ሽማግሌና ተማሪ በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ይስሙና የሰሙትን ይጻፉ። ልዩነት ከተገኘ በመጠኑ እንመነው፤ ካልተገኘ ደግሞ እምነቱን በይፋ እንተወው። በሁለቱም መንገድ ሠሪዎቻችን ተጽፎ የሚቀመጥ ልክ ያገኛሉ።

መሣሪያ የምትገዙ፣ የምታስተምሩና የምትሠሩ ሁሉ፣ ጥያቄውን ቀይሩት። «እንጨቱ ምንድን ነው?» ከማለታችሁ በፊት እንጨቱ ምን ያህል እንደደረቀ፣ ውስጡ እንደለሰለሰ፣ ቆዳው እኩል እንደተወጠረ፣ ቅኝቱ እንደሚጸና ጠይቁ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙ፤ ከዚያ ዋጋ ንገሩ። ዋንዛ በጌዴኦ ምድር ለቡናው ጥላ፣ ለአፈሩ ማዳበሪያ፣ ለንቡ ቀለብ ሆኖ የሚከበርበት በቂ ምክንያት አለው። የድምፁ ክብር ግን ለሠሪው ይሰጥ፤ የሚገባው እሱ ነው።